ትልቁን ትዕዛዝ ከመፈረምሽ በፊት

ሚጡዬ፣ ያንን ደብዳቤ ዛሬ ማታ አትላኪው። ከእርዳታ ድርጅት የ60 ሺህ ሞዴስ ትዕዛዝ መምጣቱ መልካም ዜና ነው፤ ለአንቺም አብረውሽ ለሚሰፉት ሴቶችም ደስ ብሎኛል። ግን እንዲህ ያለ ደንበኛ በሁለት ቀን አይሸሽም። እኔም ለዓመታት በእንዲህ ያለ ድርጅት የግዥ ክፍል ስለ ሠራሁ ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን አውቀዋለሁ፤ በጀቱ ጸድቋል፣ የሚታጠብ ሞዴስ በብዛት የሚያቀርብ ሰው ማግኘት ደግሞ ለእነሱም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ትንሽ ጠጋ በይልኝና የጻፍሽውን አብረን እንየው።

«በሦስት ዓመት አምስት ክልል» ብለሻል። ከሥሩ የስፌት መኪናው፣ የሠራተኛው፣ የሚደረስባቸው ልጃገረዶች ብዛት ተደርድሯል። ቁጥሩ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ነገር ግን የትም ቦታ አላየሁም፤ ሞዴሱን የምትለብሰው ልጅ «አልተመቸኝም» ብትል ቃሏ በየት በኩል አንቺ ጋ ይደርሳል?

ሐዋሳ ላይ ሥራሽ ለምን እንዳማረ ልብ ብለሽ አይተሽዋል? የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛዋ ደሞዝ በወጣ ሰሞን ትመጣለች፣ ከራሷ ቦርሳ ትከፍላለች፣ ካልተመቻት ደግሞ ሁለተኛ አትመጣም፤ ወይም ተመልሳ ፊት ለፊት ትነግርሻለች። መጀመሪያ በነጭ ጨርቅ ነበር የምትሰፊው። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩት ልጆች «በግቢው ገመድ ላይ ነጩን ማስጣት አንችልም፣ አከራዩም ተከራዩም ያየዋል» ሲሉሽ ወደ ጥቁርና ወደ አበባማ ጨርቅ ዞርሽ። ቁልፉን የቀየርሽው፣ ክንፉን ያሳጠርሽው፣ የአጣጠቡን መመሪያ በሲዳምኛም ያሳተምሽው እነሱ ስለ ተናገሩ ነው። የምትከፍለውና የምትለብሰው አንድ ሰው ስለ ሆነች ምርትሽ በየወሩ ሲታረም ኖሯል።

ይህን ትዕዛዝ ስትቀበዪ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ከፋዩ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ለባሿ ቦረና ናት። ገንዘብ ስላላወጣች ልትመልሰው አትችልም፤ ሌላ ቦታ ሄዳ ልትገዛም አትችልም። ባህላችንንም ታውቂዋለሽ፤ የተሰጠን ነገር ማጣጣል ነውር ነው። አመስግና ትቀበላለች፣ ካልተመቻት ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ሪፖርቱ ላይ «ተሠራጭቷል» ተብሎ ይጻፋል። አንቺም ምንም ሳትሰሚ ሌላ 60 ሺህ ትሰፊያለሽ።

የ«ፕሌይፓምፕ»ን ታሪክ ደጋግሜ የማስበው ለዚህ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረ ሥራ ነው። ሐሳቡን ሲሰሙት ልብ ይማርካል፤ ልጆች የሚሽከረከር መጫወቻ ላይ ወጥተው ሲዞሩ ከሥሩ ያለው ፓምፕ ውሃ ስቦ ከፍ ብሎ ወደ ተሰቀለ ታንከር ይልካል፤ በታንከሩ ጎን የሚለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ የጥገናውን ወጪ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ባንክ ሸለመው። በ2006 የወቅቱ የአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት ላውራ ቡሽ በክሊንተን ጉባኤ ላይ ተገኝተው የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ይፋ አደረጉ። እስከ 2010 ድረስ በአሥር የአፍሪካ አገሮች 4,000 ፓምፕ ይተከላል ተባለ።

ልጅ የሚጫወተው ግን ሲያሻው ነው፤ ውሃ ጠዋትም ማታም ያስፈልጋል። ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ወይም ሲደክማቸው ያንን ከባድ መሽከርከሪያ ጎንበስ ብለው የሚገፉት እናቶች ሆኑ። ገጠር ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ነጋዴ ስላልተገኘ የጥገናው ገንዘብ አልመጣም፤ የተበላሸው ለወራት ተበላሽቶ ቆመ። አንዱ ፓምፕ 14 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ከተለመደው የእጅ ፓምፕ ብዙ እጥፍ ማለት ነው። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ደህና ይሠራ የነበረውን የእጅ ፓምፕ ነቅለው ነው የተከሉት። የእንግሊዙ ጋዜጣ ጋርዲያን ሲያሰላው ለታቀደው ሕዝብ በቂ ውሃ ለማግኘት ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘመቻው ቆሞ የቀሩት ፓምፖች ለሌላ ድርጅት ተላለፉ።

እዚያ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አልታየኝም። ገንዘቡም ነበር፣ ቅንነቱም ነበር፣ ዝናውም ነበር። ነገር ግን መሽከርከሪያውን የምትገፋዋ እናት «የድሮው ይሻለኝ ነበር» ብትል የሚጎድል ሽያጭ የለም፤ ከፋዩ ውቅያኖስ ማዶ ነው፤ እሷን ሄዶ የመስማት ኃላፊነት ያለበት ሰው በውሉ ላይ አልተጻፈም። አንድ መቶ ፓምፕ ላይ ሊታረም ይችል የነበረ ስሕተት ሺህ ፓምፕ ላይ ተባዛ።

ይህን የምልሽ ትዕዛዙን እንድትመልሺ አይደለም። ደሞዝ ላላቸው ብቻ እየሸጥሽ ብትኖሪ ንግድሽ ደህና ይሆናል፤ የተነሣሽበት ችግር ግን እዚያው ይቀመጣል። መክፈል የማትችለዋ ልጅ ጋ መድረስ አለብሽ። የምፈልገው ስትደርሺ ጆሮሽን ይዘሽ እንድትደርሺ ነው።

እንዴት እንደሚቻል ካሳዩት ሁሉ እኔ የማደንቀው የሕንዱን አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ነው። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው በ58 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ማዱራይ ከተማ ውስጥ በ11 አልጋ ጀመሩት። በሪህ የተጣመመ ጣታቸውን ይዘው ነው ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ የኖሩት። እዚያ የሚችል ይከፍላል፣ የማይችል በነፃ ይታከማል። ልዩነቱ ክፍሉና አልጋው ላይ ነው፤ ሐኪሞቹ በሁለቱም በኩል እየተፈራረቁ ይሠራሉ፣ የቀዶ ሕክምናው አሠራር አንድ ነው። እስቲ አስቢው፤ ከፋዩ ታካሚ ካልተደሰተ ሌላ ሆስፒታል ይሄዳል። ስለዚህ ለእሱ ሲባል የተሻሻለው ሁሉ ለማይከፍለውም ይደርሰዋል። የከፋዩ ቅሬታ ለድኻውም ጠበቃ ሆነለት።

ይህንን ወደ አንቺ ቤት እናምጣው። ሐዋሳ የምትሸጪውና ቦረና የሚላከው ሞዴስ ከአንድ ጠረጴዛ፣ ከአንድ ጨርቅ፣ በአንድ እጅ ይሰፋ። የግዥ ሠራተኛው «አንዱን የውስጥ ንጣፍ ብትቀንሺ ዋጋው ስንት ይወርዳል?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ እኔም በዘመኔ ብዙ አቅራቢዎችን እንዲህ ስጠይቅ ነበር፣ ሥራው ነው። አንቺ ግን «የፕሮጀክት ሞዴስ» የሚባል ሁለተኛ ዓይነት ዕቃ አትጀምሪ። አንዴ ከጀመርሽው ጥሩው ለሚከፍል፣ ቀጭኑ ለማይናገር ይሆናል። ሽያጭሽንም ተቆጣጠሪው፤ የድርጅት ትዕዛዝ ከዓመቱ ሽያጭሽ ግማሹን እንዲያልፍ አልመክርሽም። ፓርኩ በር ላይ ያለችው ደንበኛሽ ከሄደች ጥራትሽን የሚነግርሽ ሰው አይኖርም።

እግረ መንገዴን ልበልሽ፣ «በነፃ የተሰጠ ነገር አይከበርም፣ አምስት ብርም ቢሆን አስከፍያቸው» የሚል አማካሪ ይመጣብሻል። አትስሚው። ጄሲካ ኮኸንና ፓስካሊን ዱፓ የሚባሉ ተመራማሪዎች ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጥ አጎበር ላይ ይህንኑ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። ዋጋው ከነፃ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ሲወጣ የሚወስዱት ሴቶች ድርሻ በ60 መቶኛ ነጥብ ወረደ። የከፈሉት ደግሞ በነፃ ካገኙት የበለጠ አልተጠቀሙበትም። ሐዋሳ ላይ ክፍያ የጠቀመሽ ሰው ዕቃውን እንዲያከብር ስላደረገ አይደለም፤ ሰው መናገር እንዲችል ስላደረገ ነው። ክፍያ በሌለበት ቦታ የመናገሪያውን መንገድ አንቺ ራስሽ ትሠሪዋለሽ፤ ለእሱም በጀት ያስፈልገዋል።

ቦረናን ካነሣን፣ ውሃውን አስበሽዋል? እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በዚያ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ከብቱን ጨርሷል። የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ የምትሄድ ልጅ ሞዴስ የምታጥብበትን ከየት ታመጣለች? በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ፣ በኀፍረት ፍራሽ ሥር ተደብቆ፣ እርጥብ እንደ ሆነ ተመልሶ የተለበሰ ጨርቅ ቆዳ ያሳክካል፣ ኢንፌክሽንም ሊያመጣ ይችላል። ሐዋሳ ላይ መፍትሔ የሆነው ዕቃሽ እዚያ ሌላ ችግር ሊሆን ይችላል። የትኛው ቀበሌ ውሃ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ድርጅቱን ጠይቂ። ውሃ ለሌለበት «የእኔ ምርት እዚህ አይሆንም፣ ለጊዜው የሚጣለውን ስጡ» በያቸው። ግዥ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንዲህ የሚል አቅራቢ ሲገጥመኝ ቀሪውን ቃሉን ሁሉ አምነዋለሁ።

የደብዳቤሽ ገጽ አራት ላይ ደግሞ «ልጃገረዶች ከትምህርት የሚቀሩበት ቀን በግማሽ ይቀንሳል» የሚል አለ። ይህን ከየት አመጣሽው? ከሌላ ሰው ፕሮፖዛል የተቀዳ ይመስለኛል፤ ሁሉም ይጽፈዋል። ኤሚሊ ኦስተርና ሬቤካ ቶርንተን ኔፓል፣ ቺትዋን ውስጥ ለልጃገረዶች የወር አበባ መቀበያ ኩባያ ሰጥተው፣ ካልተሰጣቸው ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በትምህርት ቤት መገኘት ላይ ለውጥ አላገኙም። መጀመሪያውኑም በወር አበባ ምክንያት የሚቀረው ቀን በዓመት ከአንድ ቀን ያነሰ ነበር። ሌላ አገር፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሌላ ውጤት ሊያሳይ ይችላል፤ አንቺ ግን ያልለካሽውን አትጻፊ። ልጅቷ ቀሚሷ እንዳይበላሽ ሳትሰጋ መቀመጥ መቻሏ በራሱ ይበቃል፤ መብቷ ነው፤ በሌላ ነገር መመንዘር የለበትም። ልትቆጥሪው የምትችይውን ደግሞ ጻፊ። አንዲት ልጅ በወር 15 የሚጣል ሞዴስ ትጠቀማለች እንበል፤ በሁለት ዓመት 360 ይሆናል። ያ ሁሉ ፕላስቲክ ያለበት ዕቃ ወይ ቆሻሻ ክምር ላይ ነው ወይ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ። ያንቺ ጥቅል በትክክል ሁለት ዓመት ካገለገለ ይህን ያህል ቆሻሻ ይቀራል፤ በትክክል ሁለት ዓመት ማገልገሉን ደግሞ እዚያው ሐዋሳ ካሉት ደንበኞችሽ ጠይቀሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ቆጣ ብል አትከፊብኝ፤ ጥሩ ጥሩ ሥራዎች ሲሞቱ ያየሁት እዚህ ነው፤ ብዙዎቹም የሞቱት በድህነታቸው ዘመን አልነበረም። ትልቅ ትዕዛዝ ባገኙበት ዓመት ነው። አንዱን ሞዴስ በ80 ብር አምርተሽ በ100 ብር ታስረክቢያለሽ ብለሻል። ለ60 ሺህ ማምረቻ 4.8 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። የሚሰጡሽ ቅድመ ክፍያ 30 በመቶ፣ 1.8 ሚሊዮን ነው። የቀረው 3 ሚሊዮን ብር ከየት ይመጣል? ዕቃው ተጭኖ፣ ተራግፎ፣ በኮሚቴ ተፈትሾ፣ ሰነዱ ከቅርንጫፍ ቢሮ ወደ ዋናው ቢሮ ሄዶ፣ ፊርማ ተጠብቆ ቀሪው እስኪከፈልሽ ድረስ የሴቶቹ ደሞዝ በየወሩ ይወጣል። ባንክ የቤት ካርታ ይጠይቅሻል። የእማዬን ቤት ለዚህ እንድታስይዢ አልፈቅድም፤ ይህን በግልጽ ልንገርሽ።

ውሃ የማያሳልፈው ጨርቅና ቁልፉ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት በብር ቁርጥ ዋጋ ተዋውለው ጥሬ ዕቃ ያልገዙ አቅራቢዎች የገቡበትን ጣጣ አይቻለሁ። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ይግባ፤ ቅድመ ክፍያው ቢያንስ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ በሙሉ ይሸፍን፣ ርክክቡም በሦስት ዙር ተከፍሎ የየዙሩ ሒሳብ ለየብቻ ይከፈል። እምቢ ካሉ ትዕዛዙን አሳንሺው። ሃያ ሺህ ሞዴስ በሰላም ሠርቶ ማስረከብ ስም ያተርፍልሻል።

ስለ ሕግ ቅርጹ፣ ድርጅት ልሁን ነጋዴ ልሁን እያልሽ ብዙ እንቅልፍ አትጪ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ድርጅቶች ለዓላማቸው የሚውል ገቢ እንዲያገኙ በር ከፍቷል። በሁለቱም መሥራት ይቻላል፤ ጠበቃ አማክሪና አንዱን ይዘሽ ሂጂ።

ሌላው የሚያሳስበኝ አንቺ ራስሽ ነሽ። ጨርቁን የምትቆርጪው አንቺ፣ ስፌቱን የምታዪው አንቺ፣ ፓርኩ በር ላይ ከልጆቹ ጋር የምታወሪው አንቺ። ባለፈው በታይፎይድ በተኛሽ ጊዜ ሥራው ቆሞ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ አይሰፋም፤ ቢሰፋም አንቺን ይጨርስሻል። አራቪንድ ይህን የፈታው ከገጠር ልጃገረዶችን መርጦ፣ ሁለት ዓመት አሠልጥኖ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ ለእነሱ በመስጠት ነው፤ ሐኪሙ ሐኪም ብቻ የሚሠራውን ብቻ ይሠራል። እዚህ አገራችን ደግሞ ኢትዮ ቺክንን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2010 መቀሌ ላይ የተጀመረ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ለገጠር ገበሬ በቀጥታ ቢሸጥ ብዙው ይሞታል፤ ሙቀት ይፈልጋል፣ ክትባት ይፈልጋል። ስለዚህ በየአካባቢው ያሉ ወኪሎች ጫጩቱን ተረክበው፣ አሙቀውና አስከትበው፣ ወር ተኩል ገደማ አሳድገው፣ ከጠና በኋላ ለገበሬው ይሸጡታል። ወኪሉም የራሱን ትርፍ ያገኛል። በጣም ስስ የሆነው የዕድሜው ክፍል የት እንደ ሆነ ለይተው አውቀው ያንን ለሚችል እጅ ሰጡት።

ያንቺስ ሥራ ስሱ ቦታው የት ነው? እኔ እንዳየሁት ስፌቱ አይደለም፤ ስፌት የምትችል ሴት በየከተማው አለች። ስሱ የውስጥ ንጣፉ አደራደርና ልጅቷ መጀመሪያ ስትቀበል የሚነገራት ነገር ነው። እንዴት ታጥበዋለች፣ ለምን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ወንድሟ ቢያይስ ምን ትላለች። እነዚህን ሁለቱን ጻፊያቸው፣ ሁለት ሴቶችን አስተምሪያቸው፣ ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ከስፌት ቤቱ ራቂ። ስትመለሺ የተሠራው ሞዴስ አንቺ ከሠራሽው ካልተለየ ያኔ ስለ ሁለተኛ ከተማ እናወራለን። «በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል አሠራጫለሁ» ያልሽውን ደግሞ ሰርዢው፤ ወይም የሚከፈላቸውን ጻፊበት። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ክትባቱም፣ የእናቶች ክትትሉም፣ ሪፖርቱም በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። ትከሻቸውን እንደ ነፃ ዕቃ የሚቆጥር ዕቅድ እኔ አልወድም።

ሚጡዬ፣ «አምስት ክልል» ስትዪ ግን አምስቱም ጋ የግድ ያንቺ ስም መሰቀል አለበት? ይህን ረጋ ብለሽ እንድታስቢው እፈልጋለሁ። ሕንድ፣ ኮይምባቶር የሚኖረው አሩናቻላም ሙሩጋናንታም ትምህርቱን ያቋረጠ የድኻ ልጅ ነው። ሚስቱ በወር አበባዋ ጊዜ አሮጌ ጨርቅ ስትጠቀም አይቶ፣ ለዓመታት ሲሞክርና ሲወድቅ ቆይቶ፣ ሰፈርተኛው እብድ ነው እያለው፣ ርካሽ የሞዴስ ማምረቻ ማሽን ሠራ። ትልልቅ ኩባንያዎች ሊገዙት ይችሉ ነበር። እሱ ማሽኑን ለገጠር የሴቶች ማኅበራት መሸጥ መረጠ። ሴቶቹ ራሳቸው ያመርታሉ፣ የራሳቸውን የምርት ስም ያወጣሉ፣ ለጎረቤቶቻቸው ይሸጣሉ። የምትሸጠውና የምትለብሰው በአንድ መንደር የሚተዋወቁ ስለሆኑ ቅሬታው በማግስቱ ይደርሳል። ያ መጀመሪያ ያልኩሽ ነገር ማለት ነው፤ ሥራው ሰፍቶም ጆሮው አልጠፋም። የእሱ የሚጣል ሞዴስ ነው፣ ያንቺ የሚታጠብ፤ መንገዱ ግን ላንቺም ይሆናል።

ከእኛው ቤት ደግሞ ምርጥ ምድጃ አለልሽ። እናታችን ጓሮ ያለው ያ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የተሠራው የእንጀራ ምድጃ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል፤ በየከተማው ያሉ ትንንሽ አምራቾች ቅርጽ ማውጫውን ይዘው፣ ሠልጥነው ይሠሩታል። የአንድ ኩባንያ ንብረት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ጓሮ አይገባም ነበር። አንዱን ምድጃ ከአዲስ አበባ ጭኖ ጎጃም ማድረስ ብቻ ስንት ያወጣል?

እና አንቺ ወላይታ ሶዶ ሁለተኛ ፋብሪካ ከመክፈትሽ በፊት እዚያ ያሉ ሴቶችን ማኅበር አስቢ። ንጣፉንና ውሃ የማያሳልፈውን ጨርቅ አንቺ በጅምላ ገዝተሽ ቆርጠሽ ትልኪያለሽ፣ እነሱ ይሰፋሉ፣ በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። አንቺ የምታተርፊው በጥሬ ዕቃውና በሥልጠናው ነው። ትርፉ ከአሁኑ ያንሳል፤ አልዋሽሽም። ዕዳሽም ያንሳል፤ የሚደረስላቸው ልጆች ግን ይበዛሉ። ጥራት ካልጠበቁ ጨርቅ መላክ የምታቆሚበትን መብት በውል ያዢ።

ባለፈው ያ ኢንቨስተር «በፍጥነት ካላደግሽ ሌላ ሰው ይቀድምሻል» ሲልሽ ዓይንሽ ሲበራ አይቻለሁ። የሕንዱን ኤስኬኤስ ማይክሮፋይናንስ ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ1997 ለድኻ ሴቶች ለማበደር የተነሣ ሥራ ነበር። ወደ ትርፍ ድርጅትነት ተለወጠ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተበዳሪዎችን አፈራ፣ ነሐሴ 2010 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የአንድራ ፕራዴሽ ክልል መንግሥት የማይክሮፋይናንስ አበዳሪዎችን በጥብቅ የሚገድብ ድንጋጌ አወጣ፤ ከአንድ በላይ አበዳሪ ያለባቸው፣ የዕዳ ጫና ያስጨነቃቸው ሰዎች ራሳቸውን አጠፉ የሚል ዜና አገሩን አናውጦት ነበር። ክፍያው ተቋረጠ፣ በክልሉ የማይክሮፋይናንሱ ሥራ ፈረሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይህ ነው። ኢንቨስተሩ በአምስት ዓመት ገንዘቡን ማውጣት አለበት፤ የወር አበባ ነውር የሆነበት ቤት ግን በአምስት ዓመት አይለወጥም። መቀሌ ላይ ማርያም ሳባን የመሠረቱትን ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱን አስቢ። የሚታጠበውን ሞዴስ በስማቸው ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ፋብሪካው በ2009 ተከፈተ፤ የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ዓለም ያወቃቸው በ2019 ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን በስፌት ብቻ አላለፈም፤ ትምህርት ቤት እየተሄደ ለሴቶቹም ለወንዶቹም ስለ ወር አበባ ተነግሮበታል። ያንን ሥራ ማንም ኢንቨስተር አይከፍልበትም፤ ያለ እሱ ግን ሞዴሱ ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

በይ አሁን ደብዳቤውን እንዲህ አድርገሽ ጻፊው። ትዕዛዙን በደስታ እንደምትቀበዪ ግለጪ። መጀመሪያ 500 ጥቅል ብቻ፣ ውሃ ባላቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች እንደሚሰጥ፣ ልጆቹ ሦስት ወር ከተጠቀሙ በኋላ ከአንቺ ጋር የምትሠራ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሴት ሄዳ እንደምትጠይቃቸው፣ የእሷም አበልና ትራንስፖርት በዋጋው ውስጥ እንደሚካተት ጻፊ። ልጆቹ በሚሉት መሠረት ዕቃው ተስተካክሎ ቀሪው በሦስት ዙር ይቀርባል በዪ። የቅድመ ክፍያውን መጠን ቁጥር ጠቅሰሽ አስቀምጪ፤ «በስምምነት» የሚል ቃል አትተዪ። የትምህርት ቤቱን የቀሪ ቀን ዓረፍተ ነገር አውጪው። ረቂቁን ነገ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ውሉ ሲመጣ ደግሞ ሳትፈርሚ አምጪውና የክፍያውን አንቀጽ እኔ አነበዋለሁ።